አባቴ መዋጥ ሲማር

አባቴ መብላትንና ማውራትን ለይቶ ሠርቶ አያውቅም። አፉ የሞላ ምግብ ለእሱ የወሬ እንቅፋት ሳይሆን የወሬ ማጣፈጫ ነበር። እናቴ ፊቷን በመሐረብ እየጠረገች፣ «ከዚህ ሰውዬ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሳይበላ ይጠግባል» ትል ነበር።

ዕድሜውን የፈጀው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ዳቦ፣ አፉ ደግሞ የሁለቱም አለቃ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ክላክስ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር፤ ድምፁን አንዴ የሰማ ሰው ለምን እንዲህ ተባለ ብሎ አይጠይቅም። የመኪናው ክላክስ በተበላሸ ጊዜ በጉሮሮው ብቻ እየነዳ እንደከረመ ይነገርለታል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንዴ «ዞር በል!» ካለ በሬውም ባለበሬውም እኩል ነው የሚዘሉት።

ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ጠዋት ፂሙን ሲላጭ ስትሮክ መታው። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ የሳሙና አረፋ እንደለበሰ ነው ሆስፒታል ያደረስነው። የተቀበለችን ነርስ አፉ ዙሪያ ያለውን አረፋ አይታ፣ «ምን ጠጥቶ ነው?» ብላ ጮኸች። እናቴ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሀል፣ «እሱ ሌላውን ሰው መርዝ ያስጠጣል እንጂ ራሱ አይጠጣም» ብላ መለሰችላት።

ደግነቱ ቶሎ ነበር የደረስነው። እጁ ተመለሰ፤ እግሩም ትንሽ እየተጎተተ ተመለሰ። ምላሱማ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ያልተመለሰው ጉሮሮው ነበር። ውሃ በጠጣ ቁጥር ትን ይለዋል፤ ዓይኑ እስኪቀላ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ያስላል።

መቼም ሰው ትን ሲለው «ስምህን ያነሳ ሰው አለ» ይባላል። አባቴ በዚህ ደስ ብሎት ነበር። ሳሉ ጋብ ሲልለት እንባውን እየጠረገ፣ «አያችሁ? አገር ምድሩ የሚያወራው ስለ እኔ ነው» ይላል።

«ማን አባቱ ያነሳሃል?» ትለዋለች እናቴ። «የጡረታ መሥሪያ ቤቱ እንኳ ረስቶሃል።»

ሆስፒታሉ የመዋጥ ችግር ወደምትከታተል ባለሙያ ላከን። ገና ወጣት ናት። ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። እኔ ፀጉር ቤት ስለምሠራ ከሰው ላይ መጀመሪያ የማየው ፀጉሩን ነው፤ እንደዚያ ጠብቆ ከታሰረ ፀጉር ጋር መቀለድ እንደማያዋጣ ወዲያው ገባኝ። አባቴ ግን አልገባውም።

«ምንድን ነው የተማርሽው ልጄ?» አላት።

«ሰዎች በትክክል እንዲውጡ መርዳት ነው ሥራዬ፣ አባባ።»

«ለመዋጥ ዩኒቨርሲቲ? እኔ እናቴ ጡት ላይ ነው ተምሬ የጨረስኩት!»

ባለሙያዋ ፈገግ እንኳ አላለችም። ጣቶቿን ማንቁርቱ ላይ አድርጋ በማንኪያ ውሃ አስጎነጨችው። ሳለ። ሌላ ማንኪያ ሰጠችው። አሁንም ሳለ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበችና እንዲህ አለችው፤

«ጉሮሮዎ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ የምግብ፣ አንዱ የአየር። ስንውጥ የአየሩ መንገድ ለቅጽበት ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። የእርስዎ በር ከስትሮኩ ወዲህ ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። ምግቡ ቀድሞ ሾልኮ ይገባል።»

«ይግባ። ሆድም ውስጥ ነው፣ ሳንባም ውስጥ ነው፤ ሁሉም ያው እኔው ውስጥ ነው።»

«ሆድ ምግብ ይፈጫል። ሳንባ አይፈጭም። ሳንባ ውስጥ የገባ ሩዝ እዚያው ይበሰብሳል፤ የአፍ ቆሻሻም አብሮት ይገባል። ከዚያ የሳንባ ምች ነው። በእርስዎ ዕድሜ የሳንባ ምች ሰው ይገድላል።»

አባቴ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። እሷ ግን ቀድማው ሕጎቹን ነገረችን። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ሲውጥ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያድርግ። ምግቡ ተፈጭቶ ይለስልስ። ውሃው በማወፈሪያ ዱቄት ይወፍር፤ ቀጭን ነገር ፈጥኖ ስለሚሮጥ በሩ አይደርስበትም። ከበላ በኋላ ወዲያው አይተኛ። ጥርሱን ጠዋትም ማታም ይቦርሽ።

«ዋናው ደግሞ» አለች፣ «ምግብ አፍዎ ውስጥ እያለ አያውሩ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ዓይኖቿን ወደ ጣሪያው አቀናች። ጸሎቷ ተሰምቶላት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ቤት እንደገባን ሥልጣን ከአባቴ ወደ እናቴ ተዛወረ። ጠረጴዛው ራስ ላይ ቆማ፣ ጭልፋዋን ይዛ ታዘዋለች። «አገጭህን ዝቅ! ዋጥ! አንዴ ድገመው! አሁን ተንፍስ!» ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያዝ የኖረ ሰው ተንፍስ ሲባል ይተነፍሳል። ሥጋው፣ ሩዙና ድንቹ አንድ ላይ መፍጫ ውስጥ ገብተው የሚወጡት ግራጫ ሆነው ነው። አባቴ ማንኪያውን አንስቶ ወደ መብራቱ እያሳየ፣ «ይህ የሚበላ ነው ወይስ ግድግዳ የሚለሰንበት?» ይላል። የወፈረውን ውሃ ደግሞ፣ «ሊረጋ አስቦ ሐሳቡን የለወጠ ነገር» ብሎታል።

«ቀምሰሽዋል?» አላት አንድ ቀን እናቴን።

«አልቀመስኩትም።»

«ቅመሺዋ።»

አንድ ማንኪያ ወሰደች። ፊቷ ላይ ምንም ነገር እንዳይታይ የቻለችውን ያህል ታገለች። «እንዴ፣ ምን ሆነ? ጥሩ ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። አፏን ስትጉመጠመጥ ግን ሁላችንም ሰማናት።

ችግሩ ረዳቱ ነበር። ረዳቱ ማለት አባቴ አውቶቡሱን ሲነዳ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲጭንና ሲያወርድ፣ ጣሪያ ላይ ሻንጣ ሲያስር አብሮት ያረጀ ጓደኛው ነው። አሁን ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው፤ እኛ ግን ዛሬም «ረዳቱ» ነው የምንለው። ቀጫጫ ሰው ነው፤ የሚበላው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። በየቀኑ አባቴን ለመጠየቅ ይመጣል፤ ኪሱም ባዶ ሆኖ አያውቅም። ብስኩት፣ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ደረቅ ኬክ ያመጣል። እናቴ የሚያመጣውን ስለደረሰችበት በር ላይ ትፈትሸዋለች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ስፈትሽ የኖርኩ ሰው ነኝ!»

«ለዚህ ነው የት እንደምትደብቅ የማውቀው። ካልሲህን አውልቅ።»

አወለቀ። ኦቾሎኒው ከካልሲው ውስጥ እንደ ጠጠር ተበተነ። አባቴ ከሳሎን ሆኖ፣ «እሱን እንኳ ባላሳያችሁኝ ጥሩ ነበር፤ ትናንት የበላሁት ከዚያ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ።

በዚህም በዚያም አባቴ የሚፈልገውን ያገኝ ነበር። እናቴ ገበያ ስትወጣ ረዳቱ ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ያመጣለታል። መጀመሪያ አካባቢ ሳሉ ያጋልጣቸው ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሳሉ እየቀነሰ መጣ፤ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ።

ቤታችን በደስታ አበደ። አባቴ ፊታችን ቆሞ አንድ ብርጭቆ ቀጭን ውሃ ጭልጥ አድርጎ ጠጣና እጁን ዘረጋ። ትን የለ፣ ሳል የለ። «ይኸው! ለዚያች ፀጉሯን ጥፍር አድርጋ ላሰረች ልጅ ንገሯት!» አለ። ድምፁ እርግጥ ውሃ እንደገባበት ሬዲዮ ይንኮረኮር ነበር፤ የዳነ ሰው ድምፅ ግን ማን ያዳምጣል? እናቴ መፍጫውን አጥባ መደርደሪያው ላይ ሰቀለችው። በዚያው ሳምንት ያልተፈጨ ሩዝ ከነሥጋው ሠርታ አቀረበችለት። ረዳቱ ተጋብዞ ከአባቴ እኩል በላ። እኔም ፀጉር ቤት ለደንበኞቼ ሁሉ «አባዬ ዳነ» ብዬ አወራሁ።

እናቴ የምስራቹን ለባለሙያዋ ልትነግራት ስልክ ደወለች። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ሳሉ ድራሹ ጠፋ!»

«ጨርሶ?» የሚል የደነገጠ ድምፅ ከስልኩ ወዲያ መጣ። ከዚያ ባለሙያዋ፣ «ነገ ጠዋት ይዘውልኝ ይምጡ። እስከዚያ ቀጭን ውሃ እንዳይሰጡት» አለቻት።

እናቴ ስልኩን ዘግታ፣ «ዳነ ስላት ደነገጠች። ደንበኛ እንዳይጠፋባት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አለች።

ነገ ሳይደርስ አባቴ ከምሳ በኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለት ብርድ ልብስ ደረብንለት፤ ጥርሱ ግን መንገጫገጩን አልተወም። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ግሎ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠና በሁለት እጁ የሌለ መሪ ጨብጦ ማርሽ መቀየር ጀመረ።

«ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ! ትርፍ አልጭንም ብያለሁ! አንቺ ሴትዮ፣ ዶሮሽን ከመተላለፊያው ላይ አንሺ!»

ዶሮ ያላት ሴትዮ እናቴ መሆኗ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ወር ሙሉ በሳቅንበት። ያን ቀን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ረዳቱ ታክሲ ሊጠራ ባዶ እግሩን ነው የወጣው፤ ካልሲው በር ላይ ቀርቶ ነበር።

ሆስፒታል ገብተን ራጅ ሲነሳ የቀኝ ሳንባው የታችኛው ክፍል ጭጋግ የወረደበት ገደል መስሎ ታየን። የሳንባ ምች ነው። ኦክስጅን አደረጉለት፤ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት። ሐኪሙ፣ «ሰሞኑን ምን ሲበላ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ወደ ረዳቱ ዞረች። ረዳቱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ኮሪደር ላይ ስንቀመጥ ረዳቱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እየየውን አቀለጠው። «እኔ ነኝ የገደልኩት! በገዛ እጄ፣ በብርጭቆ ውሃ ገደልኩት!»

«ቀስ በል፣ ገና አልሞተም» አለችው እናቴ። «ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም። ሩዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለብቻህ ነፍሰ ገዳይ ልሁን ብትል አንፈቅድልህም።»

እሷም ይህን ብላ አለቀሰች። ሁለቱ በአንድ መሐረብ ተራ በተራ ሲናፈጡ አየሁ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት ያኔ ይመስለኛል።

አባቴ ቀስ በቀስ አገገመ። ትኩሳቱ ሲለቀው የመጀመሪያ ጥያቄው «ማነው ሱሪዬን ያወለቀው?» የሚል ነበር፤ ያን ጊዜ ነው እንደሚተርፍ ያወቅነው። በእግሩ መቆም ሲችል ባለሙያዋ ወደ ራጅ ክፍሉ ወሰደችው። ይህኛው ራጅ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ሰውዬው ነጭ ፈሳሽ እየጠጣ፣ ፈሳሹ ጉሮሮው ውስጥ ሲወርድ እንደ ፊልም ስክሪን ላይ ይታያል። እኔና እናቴ ከመስታወቱ ወዲያ ቆመን አየን።

አባቴ የራሱን ጉሮሮ በቴሌቪዥን ሲያይ ደስ ብሎት፣ «ወፍራም አንገት ነው ያለኝ ለካ» አለ። ከዚያ ጎንጨት አደረገ። ነጩ ፈሳሽ ምላሱ ጀርባ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ወደ ኋላ ወርዶ ሄደ። ሌላው ቀጭን ክር ሆኖ በፊተኛው መንገድ፣ ወደ ሳንባው፣ ማንም ሳይከለክለው ቁልቁል ወረደ።

አባቴ አላሳለም። ፊቱ ላይ እንኳ ምንም አልታየም።

«አሁን ምን ተሰማዎት?» አለችው ባለሙያዋ።

«ምንም።»

«ሳንባዎ ውስጥ ገብቷል እኮ። ይኸውልዎት።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ክሩን ተከተለችው። «ሳል ዘበኛ ነው፣ አባባ። መጀመሪያ ላይ ሲያስሉ ዘበኛው እየጮኸ ነበር። በኋላ ዝም ያለው ሌባው ስለጠፋ ሳይሆን እንቅልፍ ስለወሰደው ነው።»

አባቴ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ። ያን የሚያህል ሰው፣ ያ ድምፅ ያለው ሰው፣ በገዛ ደረቱ ውስጥ የሆነውን ነገር አለማወቁ አስፈርቶት ነበር። «ምንም አልተሰማኝም» አለ እንደገና፣ ቀስ ብሎ። ቀስ ብሎ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሐኪሙ በአፍንጫው በኩል የምግብ ቱቦ ሊገባለት እንደሚችል ነገረው። አባቴ ወዲያው ወደ ራሱ ተመለሰ። «በአፍንጫዬ? እኔን እንደ መኪና ነዳጅ ልትቀዱብኝ? በልቼ ልሙት እንጂ ተቀድቶልኝ አልኖርም!»

«በልተህ ልትሞት?» እናቴ ተነስታ ቆመች። «እኔስ? አንተ በልተህ ሙት፤ እኔ ምን በልቼ ልኑር? ይህን አስበኸዋል፣ አንተ ራስ ወዳድ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ መሬት መሬቱን አየን። ባለሙያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሌላም መንገድ አለ» አለች። ያንኑ ፈሳሽ አወፍራ ሰጠችውና አገጩን ወደ ደረቱ እንዲያደርግ ነገረችው። ነጩ ነገር በስክሪኑ ላይ እየተንከባለለ ሄዶ ሙሉ በሙሉ በኋለኛው መንገድ ወረደ። አንድ ጠብታ እንኳ አልሳተም። «እንዲህ ከበሉ ቱቦ አያስፈልግዎትም። የጉሮሮ ስፖርትም አሠራዎታለሁ። ግን ማታለል የለም።»

«እሺ» አለ አባቴ። «ስበላም አላወራም።»

እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች። «በሕይወት ቆሜ ይህን ሰማሁ!»

ቃሉን ጠበቀ። መፍጫው ከመደርደሪያው ወረደ፤ ግራጫው ምግብ ተመለሰ። አባቴ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጥፋቱን እንደሚያስብ ተማሪ ዝም ብሎ ይበላል። ቤቱ ጭር አለ። የማንኪያና የሳህን ድምፅ እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሁላችንም ጨነቀን፤ ለቅሶ ቤት የምንበላ መሰለን።

ከዚያ አንድ ምሳ ላይ እናቴ ማውራት ጀመረች።

መጀመሪያ ስለ ጎረቤታችን ውሻ ነበር። ቀጥሎ የጎረቤታችንን አካሄድ ከውሻው አካሄድ ጋር እያነጻጸረች አሳየችን። ከዚያ ስለ አማቷ፣ ማለትም ስለ አባቴ እናት፣ አንድ ወሬ አመጣች፤ የሴትዮዋን ድምፅ ስታወጣ ፀጉሬ ቆመ። ለካ እናቴ ጉድ ናት! ለካ ይህን ሁሉ ዘመን የሚያስቅ ነገር በሆዷ ይዛ የኖረችው ክፍት ቦታ ስላጣች ነው። አባቴ አፉ ሙሉ እንደሆነ ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እናቴ ደንግጣ ወሬዋን ትቆርጣለች። ሳቅም ለካ በሩን ይከፍተዋል። ስለዚህ የአባቴን ማንቁርት እያየች ማውራት ተማረች፤ ማንቁርቱ ወጣ ብሎ ሲወርድ፣ አንዴ ሲደግም፣ ያን ጊዜ ነው የሚያስቀውን ነገር የምትለቀው።

ረዳቱም ይቅርታ ተደርጎለት፣ ኪሱ ተፈትሾ፣ እሁድ እሁድ ምሳ መብላት ጀመረ። አንድ እሁድ እናቴ ስለዚያ የታወቀ ጉዞ አነሳች። ነገሩ የቤታችን ተረት ነው። አባቴ አንድ ጊዜ እናቴን ከኋላው አስቀምጦ ሲጓዝ፣ ምሳ ከተበላበት ቦታ ረስቷት ሄዷል። እሱ ሁልጊዜ ሲያወራው ጥፋቱ የእሷ ነው፤ «እንደ ሙሽራ ስትዘገይ» ይላል። የእሷን ወገን ግን ሰምተን አናውቅም።

«ሽንት ቤት ገብቼ ስወጣ አውቶቡሱ የለም» አለች እናቴ። «ለካ ወንበሬ ላይ ማንም የማያውቃት አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች። ይህ ባሌ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አያይ፤ ለእሷ ያወራላታል። ስለ ቤታችን ጣሪያ። ከአጎቴ ጋር ስለሚያዋስነን መሬት። ስለ ጉልበቱ ሕመም። እሷ ምስኪን እሺ ትላለች፣ እሺ ትላለች።»

አባቴ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ በአፍንጫው ብቻ ተነፈሰ። እኔ ሆዴን ይዤዋለሁ።

«ይሄ ደግሞ» አለች ወደ ረዳቱ እየጠቆመች፣ «በሩ ላይ ቆሞ እያየ ዝም አለ።»

«ፈርቼ እኮ ነው፣ እትዬ! ሲያወራ ካቋረጡት ፍሬን ይረግጣል!» አለ ረዳቱ፣ አንድ ትልቅ ቁራጭ ሥጋ እያላመጠ።

«እኔ ሽንኩርት የጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ፣ በአቋራጭ ቀድሜያቸው ቀጣዩ መናኸሪያ ላይ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሴትዮዋ ስትወርድ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ምን አለችኝ መሰላችሁ?»

ረዳቱ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

እኔ አላስተዋልኩም። እናቴም ጉሮሮ የምትጠብቀው የአባቴን እንጂ የረዳቱን አልነበረም። ያየው አባቴ ነው። አገጩን ዝቅ አድርጎ ስለነበር የሚታየው የረዳቱ እጅ ብቻ ነው፤ ያ እጅ የጠረጴዛውን ልብስ ጨምድዶ ያዘ፣ ለቀቀ፣ ከዚያ ወደ አንገቱ ሄደ። ድምፅ የለም። ሳል የለም። አባቴ ድምፅ የሌለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ተምሯል። አፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳህኑ ላይ ተፋውና ከስትሮኩ ወዲህ ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ ቤቱን አናወጠው።

«ታነቀ!»

እኔ ዘልዬ የውሃ ብርጭቆ አነሳሁ። «ውሃ አትስጪው! አንቺ ሴትዮ፣ ጀርባውን!» አለ አባቴ።

ባለሙያዋ ለአባቴ ብላ ለእናቴ ያሳየቻት ነገር ነበር። እናቴ ረዳቱን ወደ ፊት ጎንበስ አደረገችና በመዳፏ ሥር በሁለቱ ትከሻዎቹ መሀል መታችው። ደገመች። ለሕክምና ብቻ የሚመቱት ምት አልነበረም፤ የኦቾሎኒውም፣ የብስኩቱም፣ የቧንቧ ውሃውም ሒሳብ አብሮበት ነበር። ሥጋው አልወጣም። የረዳቱ ከንፈር ጠቆረ። እናቴ ከኋላው ዞራ አቀፈችው፣ ጡጫዋን ከእምብርቱ ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳበች። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ሥጋው ከአፉ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ጠረጴዛውን አቋርጦ አባቴ ሳህን ውስጥ፣ ግራጫው ምግብ መሀል ዱብ አለ።

ረዳቱ አየር ሲስብ ዝገት የያዘ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አወጣ። ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ሳለ፣ ከዚያ እናቴን እጇን ሳማት።

አባቴ ሳህኑን አየ። «ይሄ ለእኔ አይፈቀድልኝም» አለና ገፋው።

በማግስቱ ረዳቱን ሐኪም አየው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በኋላ መታየት ያስፈልጋል ተብለን ነበር። ሐኪሙ ጀርባው ላይ የሰፈረውን ሰማያዊ አሻራ አይቶ፣ «ማነው የደበደበህ?» ብሎ ጠየቀው። ረዳቱ፣ «የሹፌሬ ሚስት ናት፣ ነፍሴን ልታድን» አለው። ሐኪሙ አላመነውም መሰለኝ፣ ፖሊስ ልጥራልህ ወይ ብሎታል።

በሚቀጥለው እሁድ አባቴና ረዳቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ረዳቱ ሥጋውን ለጫጩት እንደሚሰጥ አድርጎ ቆራርጦታል፤ ማንም ሳያዘው እሱም አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይበላል። አባቴ ባለሙያዋ አዲስ ፊልም አንስታው፣ የለሰለሰ ሩዝ ሳይፈጭ እንዲበላ ፈቅዳለት ስለነበር፣ እያንዳንዷን ፍሬ እንደ ወርቅ እያገላበጠ ያኝካል። ዋጠ፣ ደገመ፣ አፉን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳየና ወደ እናቴ ዞረ።

«ታዲያ ሴትዮዋ ምን አለችሽ?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ያቺ መናኸሪያው ላይ የወረደችው። ይህ ሰው ሊሞት የነበረው ለእሷ ወሬ እኮ ነው። ጨርሺዋ!»

እናቴ መጀመሪያ ረዳቱን አየችው። እሱም ዋጠና አፉን ከፍቶ አሳያት። እኔንም አየችኝ፤ እኔም ከፈትኩ። ማንም አፉ ውስጥ ምንም እንደሌለ ስታረጋግጥ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ‹እህቴ፣ ያ ሹፌር ባልሽ ነው?› አለችኝ። ‹አዎ፣ ባሌ ነው› አልኳት። እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ ‹እግዜር ያጽናሽ› አለችኝና ሄደች።»

አባቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ረዳቱ ከወንበሩ ተንሸራትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። እናቴ ሁለቱ ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ጠብቃ ውሃውን አወፈረችና ለአባቴ አቀረበችለት።